አምስት ቀን በታቬኡኒ ደሴት



የዚህ ወር ዓምዳችን መነሻ ከአውስትራሊያ፣ ከሜልበርን ከተማ የደረሰን ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የአራት ልጆች እናት ናት። ባለቤቷ ሌሊት ታክሲ ይነዳል፤ እሷ ደግሞ ቀን በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። በአንድ ቤት እየኖሩ የሚነጋገሩት በማቀዝቀዣው በር ላይ በሚለጥፉት ወረቀት እንደሆነ ትነግረናለች። በክረምቱ የልጆች ዕረፍት ወቅት፣ ማለትም በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ መጀመሪያ፣ አምስት ቀን አግኝተዋል። ባለቤቷ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ወዳለችው ፊጂ፣ ከደሴቶቿም ፏፏቴና ጫካ ወደሚበዛባት ታቬኡኒ እንሂድ ብሏል። እህታችን ግን ሦስት ነገር አሳስቧታል፤ ሰላቱ፣ ምግቡና ዐውራው። አራተኛውን በደብዳቤው ግርጌ በትንንሽ ፊደል ጨምራዋለች፦ «እዚያም ሄጄ ሳበስል ልመለስ ነው?»

ለመዝናናት ብሎ ባሕር ማቋረጥ ለሙስሊም ይገባዋልን የሚል አንባቢ መኖሩ አይቀርም። ጉዳዩን ሳናረዝም እንለፈው። አላህ (ሱ.ወ.) በምድር ላይ ተጉዘን ፍጥረቱን እንድናስተውል አዞናል፤ ከቤተሰብ ጋር በሐላል መደሰትም የሚያስነውር ነገር የለውም። ዕዳ ያለበት ዕዳውን ያስቀድም። ለሐጅ የተቀመጠ ገንዘብም ለፏፏቴ አይነካ። ይህ ከተጠበቀ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ጉዞው እንዴት ይታቀድ የሚለው ነው፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ሆቴሉን ይመርጣሉ፣ ቀጥሎ የሚታየውን ቦታ ይደረድራሉ፣ ሰላቱን በተረፈው ክፍተት ውስጥ ለማስገባት ይሞክራሉ። ከዚያ በየመንገዱ ጭቅጭቅ ነው። እኛ ከሰላቱ እንጀምር፤ የቀረው በዙሪያው ይሰለፋል።

ታቬኡኒ ከሦስት መቶ በላይ ከሆኑት የፊጂ ደሴቶች በስፋት ሦስተኛዋ ናት። ርዝመቷ ወደ 42 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። መካከሏን እንደ ጀርባ አጥንት የሚያቋርጠው የእሳተ ገሞራ ተራራ ከፍተኛው ጫፉ 1,241 ሜትር ነው። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ከዚህ ተራራ ጋር ሲላተም ዝናቡን በምሥራቁ በኩል ያራግፈዋል፤ ጫካው ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሆነው፣ ደሴቲቱም «የአትክልት ደሴት» የተባለችው በዚሁ ነው። የምድር 180ኛው የኬንትሮስ መስመር በላይዋ ያልፋል፤ በምዕራቡ ዳርቻ፣ ዋይዬቮ ከምትባለው መንደር አጠገብ፣ ምልክት ቆሞለታል። ልጆች አንድ እግራቸውን በምሥራቁ ንፍቀ ክበብ፣ ሌላውን በምዕራቡ አድርገው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ዓለም አቀፉ የዕለት መለወጫ መስመር ግን የፊጂን ሕዝብ «ዛሬ» እና «ትናንት» ብሎ እንዳይከፍለው ወደ ምሥራቅ ጠምዘዝ ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ በደሴቲቱ ላይ ያለው ቀን አንድ ነው።

የፊጂ ሰዓት ከመካና ከአዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ይቀድማል። በታቬኡኒ የዓርብ ፈጅር አዛን ሲደርስ መካ ላይ ገና ሐሙስ ማታ ነው፤ ምንም እንኳ ዕለቱ ከመግሪብ በሚጀምረው በእኛ አቆጣጠር እነሱም የጁሙዓን ሌሊት ጀምረው ቢሆን። ከሜልበርን ለሚነሣው ቤተሰብ ልዩነቱ የሁለት ሰዓት ብቻ ስለሆነ የሚያስቸግር ነገር የለም። ከአሜሪካ ለሚነሡ ወንድሞችና እህቶች ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከሎስ አንጀለስ ሐሙስ ማታ ተነሥቶ ናንዲ የሚያርፍ መንገደኛ የሚደርሰው ቅዳሜ ማለዳ ነው፤ ዓርብ የምትባለዋ ቀን ከእጁ ወጥታ ቀርታለች። በረራው ሌሊቱን ተከትሎ ስለሚሄድ የዙህር ወቅት አልገባበትምና የጁሙዓም ሆነ የዙህር ዕዳ የለበትም፤ ዒሻእንና ፈጅርን ይጠብቅ። ሲመለስ ደግሞ ዓርብ ማታ ከናንዲ ይነሣና ሎስ አንጀለስ ሲደርስ ያው ዓርብ ቀትር ሆኖ ያገኘዋል። «ሁለተኛ ጁሙዓ አለብኝን?» የሚለውን ወደ ከተማው ኢማም ይውሰድ።

የሳሞአ ሕዝብ ያየው ከዚህም ይብሳል። መንግሥቱ ከዕለት መለወጫው መስመር በስተ ምሥራቅ ከነበረው አቆጣጠር ወደ ምዕራቡ ለመዛወር ሲወስን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሐሙስ ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 29 በቀጥታ ወደ ቅዳሜ 31 ተሻገሩ። የተዘለለችው ቀን ዓርብ ነበረች። አገር ሙሉ አንድ ሳምንት ያለ ዓርብ አሳለፈ ማለት ነው። ለልጆቻችሁ በመንገድ ላይ ይህን አጫውቷቸው፤ ወቅት በፀሐይ እንጂ በመንግሥት አዋጅ እንደማይገባ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ወደ እህታችን ጉዞ እንመለስ። አምስቱ ቀን እንዴት ይደልደል? በሻፊዒ መዝሀብ አንድ መንገደኛ የደረሰበትና የሚነሣበት ቀን ሳይቆጠር አራት ሙሉ ቀን ለመቆየት ከነየተ የመንገደኛ ፍርዱ ያበቃል፤ ሰላቱን ሙሉ ይሰግዳል። እንግዲህ ቅዳሜ ደሴቲቱ ላይ ደርሶ ረቡዕ የሚነሣ ሰው በመካከል ያለው ሙሉ ቀን እሑድ፣ ሰኞና ማክሰኞ ሦስት ብቻ ስለሆነ አራት ረከዓውን ወደ ሁለት ማሳጠር፣ ዙህርን ከዐስር፣ መግሪብን ከዒሻእ ማጣመር ይፈቀድለታል። ጉዞውን በአንድ ቀን ብትጎትቱት ግን ይህ ይቀራል። በሐነፊ መዝሀብ ማሳጠሩ ከአሥራ አምስት ቀን በታች ለሚቆይ ሁሉ ነው፤ ማጣመሩ ግን በዚህ ዓይነት ጉዞ የለም። ባልና ሚስቱ መዝሀባቸው የተለያየ ከሆነ ከቤት ሳይወጡ ይነጋገሩበት፤ ፏፏቴ ሥር ቆሞ መከራከር ደግ አይደለም። ጁሙዓን ሜልበርን ሰግዶ መነሣት፣ የዓርብን ሌሊት ናንዲ ማደር፣ ቅዳሜ በጠዋት ወደ ደሴቲቱ መብረር፣ የበረራው ሰዓት ከፈቀደ ከሁሉ የተመቸ ነው።

ቂብላው ከሜልበርን ከለመዱት ብዙም አይርቅም፤ ከምዕራብ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ነው። በደሴቲቱ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚያድር ሰው ፊቱን ወደ ባሕሩ፣ ወደ ሶሞሶሞ ሰርጥ መልሶ ይሰግዳል። በሐምሌ ፀሐይዋ የምትጠልቀው ከቂብላው ጥቂት ወደ ቀኝ ነው፤ መግሪብን በዚያ ላይ መስገድ ለልጅ የሚረሳ ነገር አይደለም። ቀትር በእኛ አቆጣጠር ከሞላ ጎደል 6 ሰዓት፣ መግሪብም 12 ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ከአገር ቤት የመጣ ሰው አይቸገርም። በደብዳቤው ላይ የአሥራ አምስት ዓመቱ ልጅ «እኔ አልሄድም» ማለቱ ተጽፏል። እሱን አትለማመጡት፤ ሥራ ስጡት። ኮምፓሱንና የሰላቱን ሰሌዳ ያዝ፣ አዛን አንተ በል፣ መነሻ ሰዓታችንን አንተ ወስን በሉት። ታዳጊ ልጅ የሚሰለቸው እንደ ሻንጣ ሲጎተት ነው።

አሁን ወደ ምግቡና እህታችን በትንንሽ ፊደል ወደጻፈችው ጥያቄ። ፊጂ ውስጥ ሙስሊም መሆን እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1879 እስከ 1916 እንግሊዞች ለሸንኮራ አገዳ እርሻቸው ከህንድ በኮንትራት ካመጧቸው ስልሳ ሺህ ያህል ሠራተኞች መካከል ብዙ ሙስሊሞች ነበሩ። አብዛኞቹ ሐነፊዮች ሲሆኑ ከደቡብ ህንድ፣ ከማላባር የመጡት ሻፊዒዮች ናቸው። የፊጂ ሙስሊም ሊግ የተመሠረተው በ1926 ነው፤ ትምህርት ቤቶችም ያስተዳድራል። በናንዲ፣ በላውቶካ፣ በሱቫና በላምባሳ መስጂድ አለ። ስለዚህ ሥጋና ዶሮ የሚሸመተው ናንዲ ላይ፣ ከሙስሊም ሥጋ ቤት ነው። ደሴቲቱ ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ዓሣው፣ ጎደሬው፣ ካሳቫው፣ ኮኮናቱና ፓፓያው ይበቃችኋል። ጎደሬን እነሱ ዳሎ ይሉታል፤ ቅጠሉን በኮኮናት ወተት ቀቅለው ሲያቀርቡት የእኛን ጎመን ያስታውሳል። የህንድ ዝርያ ካላቸው ሰዎች ሮቲና የምስር ወጥ ይገኛል።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሎቮ የሚባለው ግብዣ ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ግሎ፣ ምግቡ በቅጠል ተጠቅልሎ በአንድነት ይቀበራል። በዚያው ጉድጓድ ውስጥ ብዙ ጊዜ አሳማ አለበት፤ ስቡ ከዓሣው ጋር ይገናኛል። ሆቴሎች ለእንግዳ ክብር ብለው ስለሚያዘጋጁት ስታስይዙ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ከቀረበ በኋላ እምቢ ማለት እነሱንም እናንተንም ያሳፍራል።

ከዚህ የተነሣ ብዙ ሙስሊም ቤተሰብ ማብሰያ ያለው ማደሪያ ይመርጣል። ትክክል ነው። ግን ከዚያ በኋላ የሚሆነውን እናውቀዋለን። አባት ከልጆቹ ጋር ባሕር ዳር ይወርዳል፤ እናት ሽንኩርት ትከትፋለች። ሜልበርን የነበረው ወጥ ቤት መስኮቱ ብቻ ተቀይሮ ደሴት ላይ ተገኘ ማለት ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ፣ ጫማቸውን ይጠግኑ እንደነበር ሲነገር በመስጂድ እንሰማለን፤ «ማሻ አላህ» እንላለን፤ ከዚያ ወጥተን ምሳ እንጠብቃለን። ለእነዚህ አምስት ቀናት ማብሰሉ የአባትና የታላቁ ልጅ ይሁን። ዓሣ በሎሚና በጨው መጥበስ ዓሊም መሆን አይጠይቅም። እህቴም በበኩሏ፣ የተቃጠለውን ዓሣ «በጣም ይጣፍጣል» ብላ ትብላ፤ መጥበሻውን ከእጃቸው ከነጠቀች ዕረፍቱን ራሷ ሰጥታ እንደመለሰች ትቁጠረው።

ስለ ዐውራ። የፊጂ የመንደር ሰው ራሱ ጨዋ አለባበስ ይወዳል። ሴት ትከሻዋንና ጉልበቷን ሸፍና፣ የዋና ልብስ ለብሳ ሳትንቀሳቀስ መንደር እንድትገባ ይጠብቃል። ሥርዓት ያጣ አለባበስ የሚታየው በትልልቆቹ የባሕር ዳር ሆቴሎች ነው፤ ስለዚህ ከነሱ ርቆ ትንሽ ማደሪያ መያዝ ግማሹን ችግር ያቃልላል። ቀሪው የሰዓት ጉዳይ ነው፤ ሌላው ጎብኚ ቁርስ ላይ እያለ የደረሰ ቤተሰብ ፏፏቴውን ለብቻው ሊያገኘው ይችላል። ውኃ ውስጥ ለሚገቡ እህቶች አንድ ምክር አለኝ፤ ረዥም የጥጥ ልብስ ሲርስ ከብዶ ወደ ታች ይጎትታልና ቶሎ ከሚደርቅ ቀላል ጨርቅ የተሰፋ ሰፊ የዋና ልብስ ያስፈልጋል። ወንዶች ስለ ሴቶች አለባበስ ገጽ ሙሉ እንጽፋለን፤ የራሳችን ቁምጣ ከጉልበት በላይ ሲሆን ግን የሚያነሣው የለም። ከእምብርት እስከ ጉልበት ያለው የእኛም ዐውራ ነው።

ስለሚታየው ነገር እንነጋገር። በደሴቲቱ ምሥራቅ የቦውማ ብሔራዊ ቅርስ ፓርክ አለ። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ የአካባቢው መንደሮች ጫካቸውን ለእንጨት ቆራጮች ከመስጠት ይልቅ ለጎብኚ ከፍተው መተዳደርን መረጡ፤ የኒውዚላንድ መንግሥትም አገዛቸው። የመግቢያው ክፍያ ለመንደሮቹ ነው። ታቮሮ የሚባሉት ሦስት ፏፏቴዎች ያሉት እዚህ ነው። የመጀመሪያው 24 ሜትር ያህል ከፍታ አለው፤ በሜዳማ መንገድ አሥራ አምስት ደቂቃ ቢያስኬድ ነው፤ ትንሹ ልጅም ይደርስበታል። ሁለተኛው ግማሽ ሰዓት ያህል ሽቅብ ያስወጣል፤ ሰውም ይቀንስበታል። ሦስተኛው መንገዱ የሚያንሸራትት ስለሆነ አባትና ታላቁ ልጅ ይሂዱበት። ከዚያ ወዲያ ላቬና ከምትባለው መንደር የሚነሣ 5 ኪሎ ሜትር ያህል የባሕር ዳር የእግር መንገድ አለ፤ መጨረሻው ላይ ያለውን ፏፏቴ ለማየት በውኃ ውስጥ መሄድ ግድ ነው።

ዋይታምቡ የምትባለው መንደር ደግሞ ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከፊት ለፊቷ ያለውን ባሕር ከልክላዋለች፤ ዓሣ አይጠመድበትም፣ ኮራሉም አይነካም። ይህን ለልጆች ስታሳዩ ከሩቅ መጥቀስ አያስፈልጋችሁም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የመዲናን ዙሪያ ዛፉ እንዳይቆረጥ፣ አውሬውም እንዳይታደን ከልክለዋል፤ ከእሳቸው በኋላ የነበሩት ኸሊፋዎችም «ሒማ» ብለው የግጦሽ ቦታ ይጠብቁ ነበር። የፊጂ ሰዎች ይህን ሳይሰሙ ወደዚያው መድረሳቸው ያስደስታል። እኛስ ሰምተን የት ደረስን የሚለውን ለሌላ ወር ላቆየው።

ወፎቿም የሚደንቁ ናቸው። በ1883 (እ.ኤ.አ.) የአገዳ እርሻ ባለቤቶች አይጥ እንዲያጠፋላቸው ሞንጉስ የሚባለውን ትንሽ አዳኝ አውሬ ወደ ፊጂ አስመጡ፤ አውሬው ግን መሬት ላይ የሚፈለፈሉትን ወፎች ፈጃቸው። ታቬኡኒ አልገባም። ወንዱ ከራሱ በቀር እንደ ብርቱካን የሚያበራው እርግብ በዓለም ላይ ከሚገኝባቸው ጥቂት ደሴቶች አንዷ ይህች ናት። ፈጅር ሰግዶ ወደ ጫካው ጫፍ የወጣ ሰው ከቁርስ በፊት ብዙ ዓይነት ወፍ ይሰማል። መኝታው ላይ የዋለ አይሰማም።

እሑድ የደሴቲቱ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበትና የሚያርፉበት ቀን ነው፤ መንደር ለመጎብኘት አይመችም። እናንተም በዚያ ቀን አትሯሯጡ፤ ማደሪያችሁ አጠገብ ዋሉ። ሰኞ ታቮሮ፣ ማክሰኞ ዋይታምቡ ወይም ላቬና ይበቃል። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። ሁለቱንም በአንድ ቀን የሚል ባል ካለ ሚስት ትከልክለው።

መንደር ውስጥ በእንግድነት ከተጠራችሁ ያንጎና የሚሉት መጠጥ ይቀርባል። ከአንድ ተክል ሥር ተወቅጦ በውኃ የሚበጠበጥ ነው፤ አልኮል የለውም፤ ምላስ ያደነዝዛል፣ ሰውነት ያላላል። በፍርዱ ላይ ሙስሊሞች አንድ ቃል የላቸውም፤ የሚጠጡም የሚከለክሉም አሉ። እኛ ስለ ጫት ስንት ዓመት እንደተከራከርን የሚያስታውስ ሰው አይደነቅም። የእኔ ምርጫ መተው ነው። እጅን ደረት ላይ አድርጎ «በሃይማኖታችን ምክንያት ነው» ብሎ ማመስገን ይበቃል፤ አክባሪ ሕዝብ ነው፣ አይቀየምም።

አደጋውን ሳልጠቅስ ባልፍ አማና መብላት ይሆንብኛል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የከባድ አውሎ ነፋስ ወቅት ነው። በየካቲት 2016 (እ.ኤ.አ.) ዊንስተን የተባለው አውሎ ነፋስ በፊጂ 44 ሰው ገድሏል፤ ታቬኡኒንም ጎድቷል። በታኅሣሥ ዋጋ ረከሰ ብላችሁ አትሂዱ፤ የእህታችን ሐምሌ መልካም ነው። ተራራው ላይ ዝናብ ከጣለ ታች ፀሐይ እያለም ወንዙ በድንገት ይሞላል፤ ፏፏቴው ሥር ያለው ውኃ ሲደፈርስ ካያችሁ ልጆቹን ወዲያው አውጡ። የሶሞሶሞ ሰርጥ ሞገዱ ኃይለኛ ነው፤ ያለ አካባቢው ሰውና ያለ ተንሳፋፊ ጃኬት ልጅ አይገባበትም። ወባ በፊጂ የለም፤ ደንጊ የተባለው ትኩሳት ግን በትንኝ ይተላለፋልና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ። ኮራል የቆረጠው ቁስል ቶሎ ይመረቅዛል፤ በባዶ እግር አትርገጡት። ሆስፒታሉ ዋይዬቮ ነው፤ ከባድ ሕመም ግን ባሕር ያሻግራል።

ከናንዲ ወደ ደሴቲቱ የሚወስደው አውሮፕላን ትንሽ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይበራል፤ የሻንጣውም ክብደት የተገደበ ነው። ከሱቫ የሚነሣ መርከብ አለ፤ ርካሽ ቢሆንም ለአምስት ቀን ጉዞ ሌሊቱን ይበላዋል። ቀላል መስገጃ፣ የዝናብ ልብስ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ጥሬ ገንዘብና የልጆቹ መድኃኒት ይበቃል። ፊጂ ሲገቡ የምግብ ዕቃን ሁሉ ማሳወቅ ግዴታ ስለሆነ የደረቀውን በርበሬ በግልጽ አሳዩ፤ ቋንጣውን ቤት ተዉት።

እህታችን ስትመለስ ዓሣውን ማን እንደጠበሰ እንድትጽፍልን እንጠብቃለን። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።